ባሌና በሽቦ የሚበረው አውሮፕላን

ባለቤቴ ስለ በረራው ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ «ደህና ነበር።» ከጎዴ ሲመለስ ደህና ነበር፤ ከቀብሪ ደሃር ሲመለስም ደህና ነበር። አንድ ቀን የሚያበራት አሮጌ ዳኮታ አውሮፕላን ክንፏን ጥይት በስቷት ተመለሰች። ይህን የሰማሁት ከመካኒኮቹ ነው። እሱ ቤት ሲመጣ እጁን ታጥቦ ምሳውን በላና ሬዲዮ ከፈተ። «ዛሬስ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ደህና ነበር፤ ትንሽ ዘገየን» አለኝ።

ሰው ሁሉ የተባረከ ባል አግኝተሻል ይለኝ ነበር። አይጠጣም፣ ሰው ቤት ለጫት አይቀመጥም፣ ከሥራ መልስ ልጃችንን ትከሻው ላይ አድርጎ በሠፈራችን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ይዟት ይዞራል። ዝምታውን እንደ ቁመቱ፣ እንደ መልኩ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለማንም አይናገርም። መጽናኛዬም ይህ ነበር፤ እኔ ያላገኘሁትን ማንም አላገኘውም።

እኔ የምሠራው እዚያው ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሜትዮሮሎጂ ጣቢያው ውስጥ ነበር። ሙቀቱን፣ የአየሩን ግፊትና ነፋሱን አነብና ለሚነሳውም ለሚያርፈውም እናገራለሁ። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነውም በነፋስ ነው። ገና ሳላየው፣ በሬዲዮ ነፋስ ሲጠይቀኝ ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ስነግረውም «አመሰግናለሁ» ሳይል አይዘጋም። እንዲህ በጨዋ ደንብ የሚጠይቅ ሰው ሆዱ ውስጥ ብዙ ጨዋታ አለው ብዬ ነበር ያገባሁት።

ያ አውሮፕላን የመጣው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የድሬ ሙቀት አናት በሚያዞርበት በግንቦት ወር ነው። ነጭ፣ ሁለት የጄት ሞተር ያለው፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል አውሮፕላን። ከውጭ ሲያዩት ያው የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ውስጡ ግን የመንገደኛ ወንበር የለውም። በወንበሮቹ ቦታ የመለኪያ መሣሪያዎችና በመንገደኛ ክብደት ምትክ ውሃ የተሞሉ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ወለሉን ሽቦ ሞልቶታል። የሠራው የውጭ አገር ኩባንያ ለመንገደኞች ማመላለሻነት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በሙቀት፣ በከፍታና በሚረብሽ ነፋስ መፈተን ነበረበት። ድሬ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ቀን ትሰጣለች።

አብረውት ከመጡት ፈረንጆች መካከል አንድ ሽማግሌ አብራሪ ነበሩ፤ የፈተናው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን የማረፊያውን ሠራተኞች ሰብስበው በእንግሊዝኛ አስረዱን። እስከዚያ ጊዜ በነበሩት አውሮፕላኖች፣ አብራሪው መሪውን ሲስብ የብረት ገመድ እስከ ክንፍና እስከ ጅራት ድረስ ይጎትታል። ነፋስ ክንፉን ሲመታውም በዚያው ገመድ መጥቶ የአብራሪውን እጅ ይመታዋል። በዚህኛው ገመድ የለም። አብራሪው ከግራ ጎኑ ያለች አጭር ዘንግ ይነካል፤ ዘንጓ ፍላጎቱን በኤሌክትሪክ ሽቦ ለኮምፒዩተር ታደርሳለች፤ ክንፉን የሚያዘው ኮምፒዩተሩ ነው።

አንዱ መካኒክ እጁን አወጣና «ኮምፒዩተሩ እምቢ ቢልስ?» አለ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «የመጣነው እሱን ልናይ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲፈትኑ የኖሩ ስለሆኑ፣ አውሮፕላኑ ሲሳሳት እጃቸው ሳያውቁት ያርመዋል። ስለዚህ በየቀኑ መንገደኛ የሚያመላልስ፣ እጁ በአሮጌ አውሮፕላን ያደገ አብራሪ ያስፈልጋቸዋል። እሱ አብርሮ የተሰማውን በሙሉ ይናገራል። አውሮፕላኑ ለመያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ ማለት የሚያስቸግር ነገር የለም፣ አሥር ማለት ከእጅ ያመልጣል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፣ የተመረጠውም ባለቤቴ ሆነ። ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከአገሩ አብራሪ ሁሉ የተሰማውን እንዲናገር የተመረጠው የእኔ ባል!

ፈረንጆቹ እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሬዲዮ አስቀመጡ። በፈለጉ ጊዜ ነፋሱን ሊጠይቁኝ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ የሚነገረውም ሁሉ በዚያው ሬዲዮ መሬት ላይ ይሰማል። ለምን እንደሆነ አንዱን ስጠይቀው፣ አደጋ ቢደርስ ቃላቸው እንዳይጠፋ ነው አለኝ፤ ስለ ምሳ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ። የማረፊያው ካድሬም ሬዲዮው ጠላት እንዳያናግር በማለት በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀትር ላይ ግን ሁልጊዜ ያንቀላፋል።

የመጀመሪያው በረራ ዕለት ነፋሱን ነገርኳቸው፣ ተነሱ፣ በደንገጎ ተራሮች በኩል ዞሩ። ከዚያ የሴት ድምፅ ሰማሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከኋላ በኩል መሣሪያዎቿ ፊት የምትቀመጠው ፈረንጅ ኢንጂነር ናት፤ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

«ካፒቴን፣ አሁን ወደ ግራ ሲያዞሩት ምን ተሰማዎት?»

«ደህና ነው» የሚለውን ጠበቅኩ። ባለቤቴ ግን መናገር ጀመረ።

«ስጀምረው ከበደኝ» አላት። «በር ገፍተሽ፣ በሩ እንደ መያዝ ብሎ ድንገት ሲከፈት አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ጥቂት ለመንኩት፣ ዝም አለኝ፤ ከዚያ ከለመንኩት በላይ ሰጠኝ።»

«እጅዎስ?»

«ግራ እጄ ብቻውን ቀረ። ድሮ መሪውን በሁለት እጄ ስይዝ አውሮፕላኑ ምን እንደሚያስብ በመዳፌ አውቅ ነበር። አሁን ዘንጓ ምንም አትነግረኝም። ጀርባውን ከሰጠኝ ሰው ጋር የማወራ መሰለኝ።»

ይህ የማን ባል ነው? ስምንት ዓመት አብሬው ስበላና ስተኛ የኖርኩት ሰው ነው? ጀርባውን የሰጠ ሰው! እኔ ይህን ስሜት ከእሱ ይልቅ አውቀዋለሁ። ካድሬው ድንገት ነቃና «ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስለ በር ነው የሚያወራው» አልኩት። ተመልሶ ተኛ።

የዚያን ቀን ቀድሜው ቤት ገባሁ። ሲመጣ፣ እንደዚያ በሰማይ የፈሰሰው ንግግር ተርፎ ወደ እኔም ይመጣል ብዬ ውሃ በሎሚ አድርጌ ሰጠሁት። «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ደህና ነበር።»

ቅናት እንዴት እንደሚጀምር ያኔ አወቅኩ። ደረት ላይ አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ ነው። ልጄን በማይሆን ነገር ተቆጣኋት፤ ሰሐን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ።

ጎረቤታችን ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ነበረች። እኔ ኤዶ እላታለሁ፤ በእነሱ አክስት ማለት ነው። እሷ አባዮ፣ እህቴ ትለኛለች። በማግስቱ ሱቋ ሄድኩ። ፊቴን አይታ ጨርቁን ማጠፍ ተወች።

«አባዮ፣ ምን ሆንሽ?»

ነገርኳት።

«ሴትዮዋ ቆንጆ ናት?»

«ቀጭን ናት። ፊቷን ፀሐይ ልጦታል፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣዋለች።»

«ታዲያ ብቻቸውን ይሆናሉ?»

«ብቻቸውንማ አይሆኑም። ሽማግሌው አሉ፣ ሌሎችም አሉ፣ ካድሬውም አለ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ይነግራታል» አልኳት። «አውሮፕላኑ እንዴት እንደሆነ ይነግራታል።»

ኤዶ እስክታነባ ሳቀች። «ወላሂ! የኔው ሰውዬ ስለዚያ ስለ ጭነት መኪናው የምትሰማው ሌላ ሴት ቢያገኝ እኔ ሱቄን ዘግቼ እጨፍራለሁ! ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ... ውሰጂልኝ አባዮ፣ ውሰጂልኝ!» ከዚያ ግን ዓይኔን አየችና ተነሳች። ከላይኛው መደርደሪያ ስስ ሰማያዊ ዲሪዕ፣ ያንን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ፣ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። «ቤትሽ ጥሪያት» አለች። «ሩቅ ያለ ሰው ነው የሚያስፈራው። ቀርበሽ እያት።»

ፈረንጅ ቤት መጥራት ያኔ ቀላል አልነበረም። ካድሬው ቀበሌን ጠየቀ፣ ቀበሌው ከፍተኛውን ጠየቀ፣ በመጨረሻ ራሱ ካድሬው አብሮ የሚበላ ከሆነ ተፈቀደ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሽማግሌውና ኢንጂነሯ መጡ። እኔ በሰማያዊው ዲሪዕ ነበርኩ። ባለቤቴ አየኝና ወንበር ማስተካከሉን ቀጠለ። ኢንጂነሯ ግን ገና ከበሩ «እንዴት ያምራል!» አለችኝ። አድናቆቱ ከማልፈልገው ወገን መጣ።

ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርቼ ነበር። ኢንጂነሯ በእጇ ለመብላት ሞክራ ግማሹን ጉልበቷ ላይ ደፋችውና ሳቀች። ልጄ ወደደቻት። እኔ ልጠላት ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ትንሽ ኩራት፣ ትንሽ ንቀት ብታሳየኝ ምን ነበረበት? ምንም አላሳየችኝም። ስለ ነፋሱ ጠየቀችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ለምን ድንገት እንደሚዞር፣ ከዚያ በፊት ምን ምልክት እንደማይ። ነገርኳት። በደንብ አዳመጠችኝ። እሷ ስታዳምጥ ሰው እንዴት እንደሚከፈት በራሴ አየሁት፤ ይህም ሌላ ንዴት ጨመረብኝ፤ ባለቤቴ ምን እንደነካው ገባኛ።

ባለቤቴ ውሃ ሊያመጣ ሲነሳ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «በየአገሩ ብዙ አብራሪ ጠይቄያለሁ» አለችኝ። «እንደ ባልሽ የሚናገር ግን አልገጠመኝም። ቤት ውስጥ እንዴት ነው? መቼም አያስወራሽም!»

ካድሬው አጥንት እየጋጠ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ሰሐኖቹን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ። ልስቅ ነው ላለቅስ እኔም አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። ነፋሱን እሰጣለሁ፣ ከዚያ እሰማለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ካወቅኩት በላይ አወቅኩ። ሲጨነቅ የግራ እግሩ ጣቶች ጫማው ውስጥ እንደሚጨመደዱ አወቅኩ። ለማረፍ ሲቃረብ በልቡ እንደሚቆጥር፣ ዳኮታዋን «እሷ» እንደሚላት፣ ይህኛውን ግን «እሱ» እንደሚለው አወቅኩ። ሁሉንም የሰማሁት ግን እንደ ሌባ ነው፤ ለሌላ ሰው የተባለውን።

ከዚያ የነፋሱ ቀን መጣ።

ፈተናው ከጎን በሚመታ ነፋስ ማረፍ ነበር። ለዚህ ደግሞ ነፋሱን የሚጠብቁት በእኔ አፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ በኩል አቧራ ሲነሳ አየሁ፣ መለኪያዬን አነበብኩ፣ ነገርኳቸው። ሽማግሌው «እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው» አሉ። ባለቤቴ ነፋሱን ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርኩት። «አመሰግናለሁ» አለኝ። ውጭ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ የሬዲዮው ድምፅ ከኋላዬ ይሰማል።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አጣሞ መጣ። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ አፍንጫውን ለማቅናት ሲጀምር የግራ ክንፉ ዝቅ አለ። ከዚያ የቀኙ። ከዚያ የግራው፣ ከፊቱ ባሰ። ሰው በቀጭን ድልድይ ላይ ሚዛኑን ሲስት እጆቹን እንደሚያወራጨው ነበር። አንዱ ክንፍ አስፋልቱን ሊነካ ምን ቀረው! ባለቤቴ ወደ ቀኝ ሲለው ኮምፒዩተሩ ዘግይቶ ይሰማዋል፤ በሰማው ጊዜ ደግሞ ባለቤቴ ወደ ግራ መልሶታል። ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ክንፉን ብቻ ነው፤ ጩኸቴን ራሴ አልሰማሁትም፤ ካድሬው ነው የነገረኝ።

ከዚያ ሞተሮቹ አጓሩና አውሮፕላኑ ክንፉን አቅንቶ ሽቅብ ወጣ። አልፎኝ ሲሄድ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ወደ ውስጥ ሮጬ ሬዲዮው ላይ ተደፋሁ። ምንም አይሰማም፤ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ያቺ ድምፅ፣ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ብላ፦

«ካፒቴን፣ ምን ተሰማዎት?»

«ፈራሁ» አላት።

ከዚያ ቀጠለ። «ዘንጓን ለቀቅኳት። ስለቅቃት እሱ ራሱ ቀና። ከእኔ ጋር ሲታገል የነበረው እሱ ነው፣ ወይም እኔ ነኝ ከእሱ ጋር። ግን ፈራሁ። ልጄ ታየችኝ።»

ስምንት ዓመት! ዳኮታዋን ጥይት በስቷት ሲመጣ፣ ልጃችን በወባ ተይዛ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ወንድሙ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ፣ አንድ ቀን «ፈራሁ» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ብቻዬን ስፈራ ኖርኩ። እኔ ያቺን ቃል ስጠብቅ ኖሬ እሱ ለሌላ ሴት፣ ያውም ማስታወሻ ላይ ለምትጽፈው፣ ሰጣት። በሕይወት መኖሩን እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ፣ በዚያው ቅጽበት በቅናት ተቃጠልኩ። ሁለቱንም አንድ ሆድ ይችላቸዋል፤ ችሏቸዋል።

ሲያርፉ የነፋሱን ንባብ ይዤ ወደ ስብሰባቸው ገባሁ። ማራገቢያው እየተንቋቋ ይዞራል፤ የሁሉም ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ሽማግሌው በጥንቃቄ፣ ባለቤቴን ላለማስቀየም እየመረጡ ይናገሩ ነበር። አሮጌ አውሮፕላን የለመደ እጅ ጠንካራ ይሆናል፣ ዘንጓ ለስላሳ እጅ ትፈልጋለች፣ ምናልባት ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርገው አሉ።

«ስምንት ነው» አለ ባለቤቴ።

«ካፒቴን፣ ስምንት ከባድ ቁጥር ነው። ስምንት ከተጻፈ ኩባንያው ብዙ ነገር መልሶ መሥራት አለበት።»

«ይሥራ። የእኔ እጅ ጠንካራ ነው። ነገ መንገደኛ ጭኖ የሚያበረውም እጅ ጠንካራ ነው። የጠየቃችሁኝ የተሰማኝን ነው። የተሰማኝ ስምንት ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን በሁለት እጆቹ ክንፎቹ እንዴት እንደተወዛወዙ፣ የእሱ እጅ የት እንደነበረ፣ ኮምፒዩተሩ የት እንደነበረ አሳያቸው። ክፍሉ በሙሉ እጆቹን ያያል። ኢንጂነሯ «ከመሣሪያዎቹ የተነበበውም ይህንኑ ነው የሚለው» አለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርገኝ አራት ሰጥቻለሁ» አሉ። «ያኔ የፈራሁ አልመሰለኝም ነበር።» ስምንት ተባለ፤ ስምንት ተጻፈ። ባለቤቴን እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ጠልቼው አላውቅም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ከዚራ ገብተን፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሠፈር ስንደርስ አላስቻለኝም፤ ዛፍ ሥር ቆምኩ።

«ዛሬ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ደህና...»

«ደህና ብትለኝ እዚሁ እጮሃለሁ! ሰምቼሃለሁ። ሁሉንም ነው የሰማሁት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ፈራሁ ያልከው ለማን ነው? እኔ ምንህ ነኝ? የነፋስ መለኪያህ ነኝ?»

በጋሪ የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩን። ባለቤቴ ቆቡን አወለቀ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ ቀን የማረፍ ሙከራ እንኳን የባሰበት መሰለኝ።

«እሷ ስለጠየቀችኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኔ አልጠይቅህም? በየቀኑ አይደል የምጠይቅህ?»

«አንቺ እንዴት ነበር ትይኛለሽ። እንዴት ነበር ሲሉኝ የሚጠበቅብኝ ደህና ማለት ነው የሚመስለኝ። አንቺ የምትጠይቂኝ እንዳትሰጊ ነው። እሷ ግን ግራ እጅህ ምን ተሰማው ትለኛለች። ስለ እጅ ሲጠይቁኝ... ስለ እጅ መመለስ ይቻላል። ለእሷ ብፈራም ባልፈራም ምኗ ነው? አታለቅስም። እንቅልፍ አታጣም።»

«እኔ እኮ ሳትነግረኝም እንቅልፍ አጣለሁ።»

ይህን አላወቀም ነበር። ፊቱን ሳየው እውነት አለማወቁን አየሁ። ለስምንት ዓመት የነፍሴን ጭንቅ ያቃለለልኝ መስሎት ነው ዝም ያለው! ልመታውም ልስመውም አማረኝ። መንገድ ላይ ስለነበርን አንዱንም አላደረግኩም። ክንዱን ብቻ ይዤው እስከ ቤት ድረስ አብረን ሄድን።

ፈረንጆቹ ሄደው፣ ክረምቱ አልፎ፣ ሙቀቱ ሳያበቃ ተመለሱ። ኮምፒዩተሩ አብራሪውን ቶሎ እንዲሰማ አድርገው አስተካክለውታል። ባለቤቴ በዚያው ከጎን በሚመታ ነፋስ ደጋግሞ አሳረፈው፤ ቁጥሩ ወደ ሦስት ወረደ። በመጨረሻው ቀን ለአካባቢው ባለሥልጣናት የማሳያ በረራ ሲደረግ ሽማግሌው «ነፋሳችንን የሰጠችንም ትምጣ» አሉ፤ ካድሬውም ራሱ መሳፈር ስለፈለገ አልተቃወመም።

ለዚያ ቀን ከተገጠሙት ጥቂት ወንበሮች በአንዱ፣ ኢንጂነሯ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የባለቤቴ ግራ ትከሻ ብቻ ነው። ሲነሳ ደነገጥኩ፤ ተራሮቹ ከታች ሲቀሩ ግን ዓይኔን ከሴትዮዋ ላይ አላነሳሁም። እሷ አንድም ጊዜ ወደ እሱ አላየችም። ፊቷ ወረቀት ላይ መስመር የሚያሰምሩ ቀጫጭን ብዕሮች ነበሩ። በጣቷ አንዱን መስመር አሳየችኝ። «ይህ የባልሽ እጅ ነው» አለችኝ። መስመሩ ዝግ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

እጁን እንደዚህ ነው የምታውቀው። የጥፍሩን ቅርጽ፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አታውቅም። ለኢንጂነሯ የነበረኝ ቂም እዚያ ሰማይ ላይ ቀረ። ግን እውነቱን ለመናገር ቅናቱ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ። መስመሯን እኔም ማንበብ ፈለግኩ። ስትሰናበተኝ አቀፈችኝ፤ እኔም ከልቤ አቀፍኳት።

አውሮፕላኑ ፈቃዱን አግኝቶ መንገደኛ ማመላለስ መጀመሩን ባለቤቴ ከሬዲዮ ሰማ። ለብቻው እንደ ሕፃን ፈገግ ሲል ደረስኩበት። «ምን ተሰማህ?» አልኩት። «እንጃ» አለና ትንሽ አሰበ፤ «የሰው ልጅ አሳድጌ የዳርኩ ይመስለኛል» አለኝ። ለእኔ የተባለ ነው። ማስታወሻ ላይ የሚጻፍ አልነበረም።

ያ ማለት ግን ሰውየው ተለወጠ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሳምንት ወደ ድሮው ይመለሳል፤ ደህና ነበር፣ ደህና ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ በቡና ቤት ደጅ ስናልፍ ሳልጠይቀው «ዛሬ ጎዴ ላይ ስናርፍ ከብት ገባብን፤ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር» ይላል። እንዲህ ያለውን ቀን እንደ ዝናብ እጠብቀዋለሁ።

ከዚያ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት አብራሪ ወደ ድሬ መስመር ተመደበ። ጨዋታ ያውቃል። ነፋስ ሲጠይቀኝ «እመቤቲቱ ዛሬ ነፋሱን ወዴት ልካዋለች?» ይለኛል፤ እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን ስስቅ ባለቤቴ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ተመልሶ ወጣ። ማታ ራት ላይ ዝም አለ፤ ያው ልማዱ ነው ብዬ ተውኩት። ሰሐኑን ገፋ አደረገውና ድንገት ተናገረ።

«ከዚያ ልጅ ጋር ስትስቂ ሰማሁሽ» አለ። «እኔ ነፋስ ስጠይቅሽ እንዲህ ስቀሽልኝ አታውቂም። እዚህ ጋ ያዘኝ።» እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። «ቀናሁ መሰለኝ።»

ፊቴን ወደ ልጄ ሰሐን መልሼ ሩዟን አስተካከልኩላት፤ ደስታዬን እንዳያይብኝ።